ባለቤቱ ገና ነው

እናንተ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ አለ? ካለ ትረዱኛላችሁ። ከእኔ ጋር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ክሊንጎን እየተማረ ነው። “የየት አገር ቋንቋ ነው?” ብለው ሳቀብኝ። ‘ስታር ትሬክ’ በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ የሌላ ዓለም ጦረኞች የሚናገሩት ነው። ማርክ ኦክራንድ የተባለ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው ሦስተኛ ፊልም ቃላቱንና ሰዋስዉን አዘጋጀ፤ በ1985 መዝገበ ቃላቱ ታተመ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጄ ነበር። ቢዝነስ ተምሬ ማርኬቲንግ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ፤ “ይሄ ደግሞ ምን ገበያ አለው?” ነው ያልኩት።

አንድ ማታ ከሥራ ስገባ የላፕቶፔ ስክሪን ተሰንጥቋል። ወንድሜ አጠገቡ ቆሟል። “ላፕቶፑን…” ብሎ ሲጀምር አላስጨረስኩትም። “ሰበርከው! ክሊንጎን ክሊንጎን ስትል!” ብዬ ጮህኩበት። ምንም ሳይመልስ ክፍሉ ገባ።

የሆነውን የነገረችኝ ሞግዚቷ ናት። የቻርጀሩን ገመድ የጎተተችው የአራት ዓመቷ ልጄ ነበረች። ወንድሜ ሊለኝ የነበረው “ላፕቶፑን ሚሚ ጣለችው” ነው።

አፍሬ ክፍሉ ገባሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ሲያጥረኝ ደብተሩን አይቼ “እስቲ አስረዳኝ” አልኩት።

እኛ “ልጁ እናቱን አየ” እንላለን፤ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ። ክሊንጎን ግን “ሾሽ ሌግ ፑቅ” ይላል፤ እናት፣ አየ፣ ልጅ። ኦክራንድ ይህን ቅደም ተከተል የመረጠው በሰው ልጅ ቋንቋዎች ውስጥ እምብዛም ስለማይገኝ ነው። በአማርኛ “ን” ስላለችልን “እናቱን ልጁ አየ” ብንልም ማን ማንን እንዳየ አይጠፋንም። ክሊንጎን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። “ፑቅ ሌግ ሾሽ” ካላችሁ ያየችው እናት ትሆናለች። ግሱም “እሱ”ንና “እሷ”ን አይለይም።

“ስለዚህ ማን እንዳደረገው ለማወቅ የመጨረሻውን ቃል መጠበቅ ነው” አለኝ። ሰዋስው ማስረዳቱ እንጂ መውቀሱ አልነበረም። እኔን ግን ወጋኝ። አማርኛችንስ ግሱን መጨረሻ ላይ አይደል የሚያስቀምጠው? “ጣለችው” ውስጥ ያለችውን አንዲት “ች” ለመስማት ሁለት ሰከንድ አልታገስኩም።

ይቅርታ ጠየቅኩት። “በክሊንጎን ሰላምታ እንዴት ነው?” ስለው፣ “ሰላምታ የላቸውም፤ ‘ምን ትፈልጋለህ?’ ነው የሚሉት” አለኝ። ከሥራ ስገባ የምለውን አስታውሼ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።

አሁን አላቋርጠውም ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንዴ ይመልጠኛል። ያኔ ጣቱን ያነሳና “ቆይ፣ ባለቤቱ ገና ነው” ይለኛል። እኔም ዝም እላለሁ።