ክሬም ብሩሌ በቡና ስኒ

ጎበዝ፣ «ኦቨን የለንም» የምትለዋ ሰበብ ጅማ ላይ አትሠራም። ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ፍም ተደርጎለት ሲጋገር እያየን ያደግን ልጆች፣ ክሬም ብሩሌን ለአዲስ አበባ ሆቴሎች ብቻ ለምን እንተወዋለን? ወተት፣ የእንቁላል አስኳል፣ ስኳር። ላዩ ደግሞ የተቃጠለ ስኳር። (ስሙ በፈረንሳይኛ «የተቃጠለ ክሬም» ማለት ነው። እኛ «አሯል» ብለን የምንደፋውን እነሱ ስም አወጡለት!)

ግማሽ ሊትር ወተት ሁለት ፍሬ ኮረሪማ ቀጥቅጠን ጨምረንበት እናፈላለን። ቫኒላ? ከቡናው ጋር አንድ ጫካ የሚበቅል ኮረሪማ እያለን ቫኒላ ምን ያደርግልናል? አምስት አስኳል ከአራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር መትተን፣ ለብ ያለውን ወተት ቀስ እያልን እናፈስበትና አጥልለን ስኒ ውስጥ እንቀዳዋለን። አዎ፣ የቡና ስኒ! ስኒዎቹን ብረት ድስት ውስጥ ደርድረን፣ እስከ ወገባቸው ሙቅ ውሃ አድርገን፣ ከድነን ከሰል ላይ እንጥዳለን። እዚህ ላይ ከተማችን ራሷ ታግዛለች፤ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ነው። ቢሆንም እንዳይንተከተክ፤ እንቁላሉ ይቋጠራል። ስኒው ሲነቃነቅ መሃሉ ብቻ እንደ እርጎ ከተርገበገበ ደርሷል። ይቀዝቅዝ።

ማሲያሎ የሚባለው ፈረንሳዊ ምግብ ሠሪ በ1691 (በፈረንጆቹ) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ላዩን የሚያቃጥለው በእሳት በቀላ የምድጃ አካፋ ነው። እኛም ወፍራም ብረት ፍም ውስጥ ቀብረን፣ ሲቀላ ስኳር የነሰነስንበት ስኒ ላይ እናስጠጋዋለን። ለእያንዳንዱ ስኒ እንደገና ማጋል ግድ ነው።

ሽታው ቡና ሲቆላ የሚሸተውን ይመስላል። አይገርምም፤ የቡና ፍሬም ውስጡ ስኳር አለው፣ ሲቆላ ይቃጠላል። እኛን የሚያንገበግበን ግን ሌላ ነው። አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጌራ ለቅመው የሚሸጡት ቡና ወደ ውጭ ሲሄድ አብዛኛው ጥሬውን ነው። ይቺ የመጨረሻዋ እሳት የምትነደው ሌላ አገር ነው፤ ትርፉም እዚያው ይቀራል። ሥራ ፈትተን የተቀመጥን ልጆች ደግሞ ከሰሉም ብረቱም አለን።

ሐሳባችን ጀበና ቡና ለሚያፈሉት እህቶቻችን ነው፦ አንድ ስኒ ቡና፣ አንድ ስኒ ክሬም። ረቡዕና ዓርብ ግማሹ ደንበኛ ጾመኛ ነው፣ አይነካውም። ረመዳን ላይ ግን ከማግሪብ በኋላ እንቁላሉ ራሱ የሚበቃ አይመስለንም።