«ጨጓራ ነው» ስንል

አጎታችን (አላህ ይዘንላቸውና) ሆዳቸውን በያዛቸው ቁጥር «ጨጓራ ነው» እንላቸው ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ አልን። ክፍል ውስጥ ቆመን ባዮሎጂ የምናስተምረው እኛው ነን፤ ቤት ስንገባ ግን የሚታኘክ ኪኒን ገዝተን እንሰጣቸዋለን። ሰውነታቸው መንምኖ፣ ጥቂት ጎርሰው «ጠገብኩ» ማለት ሲጀምሩ ነው ሐኪም ቤት የወሰድናቸው። ሐኪሙ በቱቦ ጨጓራቸውን አይቶ ናሙና ወሰደ። ካንሰር ነበር።

ናሙናው ለኸር-2 ይመርመር ሲባል ነገሩ አልገባንም። ወደ መጽሐፍ ተመለስን።

ውድ አንባብያን፣ የጨጓራ የውስጥ ሽፋን በአሲድ መካከል የሚኖር በመሆኑ በየጥቂት ቀናቱ ይታደሳል። ሴሎቹን «ተባዙ» የሚሏቸው ግሮውዝ ፋክተር የተባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። አሜሪካዊው ስታንሊ ኮኸን አንዱን ያገኘው ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ነው፤ ከዕጢው የወጣውን የተወጉ አዲስ የተወለዱ አይጦች ዓይናቸውን ያለ ጊዜው ገለጡ። እ.ኤ.አ. በ1986 ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ይኸው ፕሮቲን በእኛም ምራቅ ውስጥ አለ፤ የቆሰለ ጨጓራ እንዲድን ያግዛል። የሚገርመው፣ ቁስል የሚያድነውና ካንሰር የሚያሳድገው መልእክት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

መልእክቱን የሚቀበሉ ፕሮቲኖች በሴሉ ገጽ ላይ አሉ። ኸር-2 ከነዚህ ወገን ነው። ጂኑ ያለልክ ሲበዛ ተቀባዩ የሴሉን ገጽ ያጨናንቀዋል፤ እርስ በርሱ ይጣመርና መልእክተኛ ሳይመጣ «ተባዛ» ይላል። ከአምስት የጨጓራ ካንሰሮች በአንዱ ገደማ እንዲህ ይታያል። ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት ይህንኑ ተቀባይ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ እንዲህ ዓይነት ካንሰር ከተስፋፋባቸው ሕሙማን ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ በኬሞቴራፒ ብቻ 11.1 ወር፣ መድኃኒቱ ሲጨመርበት 13.8 ወር ሆነ። ትንሽ ነው የሚል ሰው አባቱን አስታሞ አያውቅም።

የአጎታችን ውጤት ኔጋቲቭ መጣ። አራት ወር አብረውን ቆዩ።

ከሁሉ የሚቆጨን ግን መጀመሪያው ነው። ጨጓራን ለዓመታት ከሚያቆስሉት አንዱ ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ከካንሰር አምጪዎች መድቦታል። ያለበት ሰው ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም፤ ተመርምሮ ከተገኘም በአንቲባዮቲክ ይታከማል። እኛ ለአጎታችን ይህን ምርመራ አላስደረግንም።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድማችን ሆዱን ይዞ «ጨጓራ ነው» አለን። ሰኞ ቀጠሮ አለው፤ አብረነው እንሄዳለን።