ከሌሊት ሥራ መልስ

አንድ ኢትዮጵያዊ በኳታር አገር፣ በዶሃ ከተማ የኮሌጅ ተማሪ ሳለ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሌሊት በአንድ ሆቴል ጭፈራ ቤት ዲጄ ሆኖ ይሠራ ነበር። ጥበቡም የአንዱን ዘፈን ምት ከሚከተለው ጋር አስማምቶ፣ በመካከል ጸጥታ እንዳይገባ ማድረግ ነው፤ ጸጥ ካለ ሰው ቤቱን ያስባልና።

አንድ ዓርብ ማለዳ ጆሮው እየጮኸበት ሲመለስ፣ የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. በተከፈተበት በመሳይሚር አጠገብ ነጠላ የለበሱ ሴቶች አገኘ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ ነበሩ። በዕድሜ ገፋ ያለችው፣ «ልጄ፣ ከሌሊት ሥራ መመለስህ ነውን? እግዚአብሔር ያበርታህ» አለችው።

በዘበኝነት ያደረ መስሏት ነበር። እርሱም «አሜን» አለ እንጂ እውነቱን ሊነግራት አልደፈረም።

ዛሬ ያን ዘመን ሲያስብ፣ ያጫወታቸውን ዘፈኖች ረስቷቸዋል፤ ያ ምርቃት ግን እንዳልተከፈለ ዕዳ ይታወሰዋል።