ከናኖ እስከ ኪሎ

ሬዲዮ ስከፍት የጣቢያውን ቁጥር ወደ ሜትር መቀየር ያስደስተኛል። 300ን በሜጋኸርትዙ ማካፈል ነው፣ አለቀ። ኤፍ ኤም 97.1 ላይ የሚመጣው ሞገድ ከ3 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከቤቴ ጣሪያ ከፍታ ብዙም አይርቅም።

አረንጓዴ ብርሃንም የዚሁ ዘር ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ግን 550 ናኖሜትር ገደማ። የሬዲዮው ከእሱ 5.6 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይረዝማል። ዜሮ ቆጠራው የሚያደናግረው እዚህ ጋ ነው። እኔ ዜሮ አልቆጥርም፤ በሺህ በሺህ ነው የምወጣው፦ ናኖ፣ ማይክሮ፣ ሚሊ፣ ሜትር፣ ኪሎ። በየደረጃው ለ1000 ማካፈል። 550 ናኖሜትር 0.55 ማይክሮሜትር ይሆናል፤ ኪሎሜትር ላይ ሲደርስ ለትሪሊዮን ተካፍሏል። (ሴንቲሜትር ከዚህ ደረጃ ውጭ ነው። ለጨርቅ ይሁን፣ እዚህ ግን ያሳስታል።)

ብርሃንን በኪሎሜትር የሚለካ የለም። በኪሎሜትር ካልሆነ የማይመች ሞገድ ግን አለ፤ ያውም ሶኬታችን ውስጥ። መብራታችን በሰከንድ 50 ዑደት አለው። የብርሃንን ፍጥነት፣ በሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ግድም፣ ለ50 አካፍሉት፦ 6,000 ኪሎሜትር! አንዱ ሞገድ እንኳ አገራችን ውስጥ ተዘርግቶ አያልቅም። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

የሥነ ፈለክ ሰዎች ደግሞ የናኖሜትር አንድ አስረኛ የሆነችውን አንግስትሮምን እስካሁን አልለቀቁም። የሃይድሮጅንን ቀይ መስመር 656.3 ናኖሜትር እንደማለት 6563 አንግስትሮም ይሉታል። ነጥቧን ጠልተው መሰለኝ።