በድሬዳዋና በሐረር መንገድ ስለ አሮጌዎቹ የፈረንሳይ አውቶሞቢሎች

ስም ይወጣል ከቤት፥ ይቀበላል ጎረቤት የሚለው የአባቶች ተረት ለሰው ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለዕቃም ይሆናል። አሮጌ አውቶሞቢል ለመግዛት ያሰበ ሰው ወዳጆቹን ምክር ሲጠይቅ፥ «የፈረንሳይ ሥራ ውብና ምቹ ነው፤ ነገር ግን ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ በኋላ አይታመንም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህ ስም የተገባው ነው ወይስ ያለ አግባብ የተለጠፈበት? ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም፤ የቤተ ሰብ አባት የብዙ ዓመት ጥሪቱን አውጥቶ የሚገዛው፥ ባለቤቱንና ልጆቹንም አሳፍሮ ቁልቁለት የሚወርድበት ዕቃ ነውና። ስለዚህ እኛ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ባደረግነው ጉዞ ይህንኑ ነገር ልንመረምር ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። በአፄ ምኒልክ ፈቃድ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ወደዚህ ሥፍራ የደረሰው በ1902 ሲሆን፥ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። የባቡሩም ዋና የጥገና ሥፍራ በዚህ ስለ ቆመ፥ ብረት ማቅለጥና መሞረድ፥ መፍታትና መግጠም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሞያ ሆነ። ቀጥ ባሉ ጎዳናዎችና በዛፍ ጥላ በተዋበው በከዚራ ሰፈር ቢሆን፥ ከደቻቱ ማዶ ባለው በመጋላ ገበያ ቢሆን፥ የፈረንሳይ ቋንቋና የፈረንሳይ ሥራ ለከተማይቱ ሰው እንግዳ አልነበረም።

ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከድሬዳዋ ተነሥቶ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ ሐረር የሚሄድ ሰው፥ መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ነገር ግን የደንገጎ ዳገት ሞተርንና ፍሬንን ከማናቸውም መርማሪ ይልቅ አጥብቆ ይፈትናል። ዳገቱን ከጨረሱ በኋላ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በሐረማያና በአወዳይ በኩል አልፎ ወደ ጥንታዊቱ ከተማ ይደረሳል። በጀጎል ግንብ ውስጥ፥ ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይና የልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና በሚያንጎራጉርበት በመኪና ግርግር መንገድ አጠገብ፥ ለብዙ አሠርት ዓመታት ሰው ሲያመላልሱ የኖሩት ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡ የፔጆ 404 ታክሲዎች ናቸው። በቅርብ ዓመታት ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ሥፍራቸውን ቢሻማባቸውም፥ የእነርሱ ታሪክ ለጥያቄያችን የመጀመሪያው መልስ ነው። የማይታመን ዕቃ በደንገጎ አገር የሰውን ዕድሜ ያህል እንጀራ አያበላምና።

የዚህም ጥንካሬ ምክንያት ድንቅ ምሥጢር አይደለም። ፔጆ 404 የወጣው በ1960 ነው፤ ቅርጹን ያወጣለት ፒኒንፋሪና የተባለው የኢጣልያ ቤት ነው። 1,618 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነው ሞተሩ ወደ ጎን ተጋድሞ የተቀመጠ ሲሆን፥ ፒስተን የሚመላለስበት ቱቦ ተነቅሎ የሚወጣ ስለ ሆነ፥ ሲበላ ሞተሩ እንዳለ ሳይጣል አዲስ ይገባለታል። ሞላው ረጅም እንቅስቃሴ ስላለው ጉድጓድን ታግሦ ያልፋል። በምሥራቅ አፍሪካ በሚደረገው የሳፋሪ እሽቅድምድም በ1963፥ በ1966፥ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈው ይኸው ፔጆ 404 ነው። ከእነዚህም በ1963 እና በ1968 ጭቃውና ጎርፉ እጅግ ስለ በረታ፥ በየጊዜው ሰማንያና ዘጠና ያህል ሆነው ከተነሡት አውቶሞቢሎች ፍጻሜ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። ከእርሱ በኋላ በ1968 የወጣው ፔጆ 504 ደግሞ ከ1975 ጀምሮ በናይጄሪያ በካዱና ከተማ ይገጣጠም ስለ ነበረ፥ መለዋወጫው በአፍሪካ ምድር በቅርብ ይገኝ ነበር።

እንዲህ ከሆነ ክፉው ስም ከወዴት መጣ? እውነቱን መናገር ይገባል፤ ተረቱ እንደሚለው የወጣው ከቤት ነው። ሬኖ በ2001 ለገበያ ያቀረበው ሁለተኛው ላጉና የኤሌክትሪክ ዕቃው በየጊዜው ስለሚታወክ ገዢዎቹን አስመርሮ ነበር፤ ኩባንያውም ራሱ በ2006 ባወጣው ዕቅድ፥ የሚቀጥለው ላጉና በጥራት ከመሰሎቹ ከሦስቱ ቀዳሚዎች አንዱ እንዲሆን ቃል ገባ። ከዚያም ወዲህ ፔጆና ሲትሮኤን ላይ የተገጠመው ባለ 1.2 ሊትር ፒዩርቴክ የሚባለው ሞተር፥ የጊዜ ቀበቶው በዘይት ውስጥ የሚዞር በመሆኑ፥ ቀበቶው እየተላጠ ፍርፋሪው የዘይቱን መንገድ ይደፍናል፤ አንዳንድ ጊዜም የፍሬኑን ረዳት ኃይል ያደክማል። በ2024 አምራቹ በአውሮፓ ዋስትናውን እስከ 10 ዓመት ማራዘሙ ቅሬታው ባዶ ወሬ እንዳልነበረ ያስረዳል። ይህን ሞተር ሳይመረምር ገዝቶ የደንገጎን ቁልቁለት ቤተ ሰብ ይዞ የሚወርድ ሰው ይፈራለታል።

ሦስተኛ ወገን ደግሞ አለ፤ ይኸውም ጉድለቱ ከአሠራሩ ይልቅ ካለማወቅ የሚመጣበት ነው። በ1955 በፓሪስ የታየው ሲትሮኤን ዴ ኤስ በሞላ ፈንታ በዘይትና በጋዝ ላይ ተንሳፎ የሚሄድ ነው። የመጀመሪያው ቀይ ፈሳሹ ውሃ እየሳበ የውስጡን ብረት ያዝግ ስለ ነበረ፥ ኋላ በአረንጓዴ ማዕድናዊ ዘይት ተተካ። ሁለቱን ያልለየ ሠራተኛ አንዱን በሌላው ቦታ ቢጨምር ጎማዎቹ ተበላሽተው አውቶሞቢሉ መሬት ይተኛል። ሠሪውን ያገኘ እንደ ሆነ ግን እንደ ምንጣፍ ይሄዳል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ ክፉው ስም ለአንዳንዱ ሞተር የተገባ ነው፥ ለመላው አገር ሥራ ግን የተገባ አይደለም። አውቶሞቢልን የሚያኖረው የተሠራበት አገር ስም ሳይሆን፥ የሞተሩ ዐይነት፥ የያዘው ሰው ጥንቃቄና በአቅራቢያው ያለው መካኒክ እውቀት ነው። የሐረር ነጂዎች የፔጆን ሞተር እንደ ገዛ እጃቸው ያውቁታል፤ ዕድሜውን ያረዘመውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ገዢው ከሻጩ አስቀድሞ መካኒኩን ይጠይቅ፤ ይህን ሞተር ፈትቶ ያውቃልን? መለዋወጫውስ ይገኛልን? አውቶሞቢሉን በማለዳ ሳይሞቅ ያስነሣው፤ የጭሱን ቀለምም ይመልከት። ዘይት የተለወጠበትን ቀን የሚያሳይ ጽሑፍ ይጠይቅ፤ ቀበቶው በዘይት ውስጥ የሚዞር ከሆነም ሳያስለካ ገንዘብ አይክፈል። ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን በዳገት፥ ፍሬኑንም በቁልቁለት ይፈትን። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፥ በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና መርጦ መያዝ ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልግ ሆኗል። ስምን ሰምቶ የሚገዛም ሆነ ስምን ሰምቶ የሚሸሽ ሰው ሁለቱም ያለ ምርመራ ፈራጆች ናቸው፤ የቤተ ሰብ ጠባቂ የሆነ ሁሉ ግን ክዳኑን አስከፍቶ፥ አዋቂ አቁሞ፥ በዓይኑ አይቶ ይፍረድ ብለን እንመክራለን።