ከሱሉልታ ሮም፣ በደብረ ሊባኖስ በኩል

ሮም ሄጄ ቫቲካንን ተሳልሜ መጣሁ ስላቸው ግማሹ ጓደኛዬ "ኮበለልክ?"፣ ግማሹ ደግሞ "ካቶሊክ ሆንክ?" አለኝ። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፦ አይ፣ ሻንጣ ተሸክሜ ነው የሄድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡራዩ የምትኖረው አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ካቶሊክ ናት። 2025 (እ.ኤ.አ.) የኢዮቤልዩ ዓመት ስለነበር ከመላው ዓለም ተሳላሚው ወደ ሮም ይጎርፍ ነበር። ውጭ ያለው ልጇ ቲኬት ሲቆርጥላት "ጉልበቴን ማን ይደግፈዋል?" አለችና እኔ ተመደብኩ። እናቴ መርቃ ሸኘችኝ፤ ምርቃቱ መሃል ግን "ብቻ እንዳትቆርብ!" የምትል ማስጠንቀቂያ ጣል አድርጋበታለች።

በእኛ ቤት ይቺ ነገር ቀልድ አይደለችም። አክስቴ ካቶሊክ ባል ስታገባ አያቴ ሠርጓን አልረገጠም። እስከ ዛሬም ዓመት በዓል ሲመጣ ድግሳችን አንድ፣ ጸሎታችን ሁለት ነው።

ስለ ጴጥሮስ ባዚሊካ አልተርክላችሁም፤ ፎቶውን ያላየ የለም። የማወራችሁ ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ግንብ ውስጥ ስላለች ትንሽ ቤተክርስቲያን ነው። ጣልያኖቹ "ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ" ይሏታል፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው። ዝም ተብሎ አይገባባትም፣ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ቫቲካን ውስጥ እስከ ዛሬ ከቆሙት አብያተ ክርስቲያናት ከጥንታዊዎቹ አንዷ ናት። በሯ ላይ በግና መስቀል በእብነ በረድ ተቀርጾባታል። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ከጳጳስ ሲክስጦስ አራተኛ ዘመን ጀምሮ፣ ከኢየሩሳሌም አልፈው ሮም ለሚደርሱ የእኛ መነኮሳት ማረፊያ ሆነች።

መነኮሳቱ ታዲያ አገር እየናፈቁ ቁጭ አላሉም። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ጸሎታቸውን ሰምቶ ልቡ ተነካና ከአባ ቶማስ ግዕዝ ተማረ። በ1513 የግዕዝ ዳዊት አሳተመ፤ በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ያ ነው። በ1548 እና 49 ደግሞ ሐዲስ ኪዳን በግዕዝ ወጣ። አታሚዎቹ ፊደላችንን ማንበብ አይችሉም፣ መነኮሳቱ ማተም አያውቁም፤ ተደጋግፈው ተወጡት። መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1649፣ ሂዮብ ሉዶልፍ እዚያው ቤት ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። ከእሳቸው የተማረውን ይዞ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥማባቸው ሞቱ።

ሐዲስ ኪዳኑን ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን ከየት የመጡ ይመስላችኋል? ከደብረ ሊባኖስ! በኢማም አህመድ ጦርነት ዘመን ከአገር የወጡ መነኩሴ ናቸው። እኔ ደግሞ የሱሉልታ ልጅ ነኝ፤ የደብረ ሊባኖስ ተሳላሚ አውቶቡስ መዝሙሩን በሞንታርቦ ለቆ በደጃችን ነው የሚያልፈው። ቤተክርስቲያኗ ውስጥ በግዕዝና በላቲን የተጻፈ የመቃብር ጽሑፋቸው ፊት ስቆም የሰፈሬን ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

ወዲያው ግን ሌላው ነገር ትዝ አለኝና ሆዴ ተረበሸ። ግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ አፅም ሊያከብሩ ደብረ ሊባኖስ የተሰበሰቡትን መነኮሳትና ምእመናን የጣልያን ጦር ከቦ ያዛቸው፤ በግራዚያኒ ትዕዛዝም ረሸናቸው። የግራዚያኒ የራሱ ሪፖርት 449 ይላል፤ በኋላ ያጠኑት ምሁራን ግን ቁጥሩን ከ1,000 በብዙ ያስበልጡታል። ወረራው ሲጀመር የሚላኑ ካርዲናል ሹስተር በስብከታቸው አሞግሰውት ነበር። የደብረ ሊባኖስን መነኩሴ ያስጠለለች ከተማ ከ400 ዓመት ገደማ በኋላ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት የሚፈጅ ጦር ላከች። የትኛዋን ሮም ነው የምሳለመው?

በዚህ ሐሳብ ላይ እያለሁ አብሮን የመጣው ቄስ ቅዳሴ ጀመረ። በግዕዝ! የኢትዮጵያ ካቶሊኮች ሥርዓት ከእኛው ጋር ዘመድ መሆኑን በወሬ አውቅ ነበር፤ ሳላስበው ግን ተሰጥኦውን እየመለስኩ ነው። (እናቴ የከለከለችኝ መቁረብ እንጂ መመለስ አይደለም።) አክስቴ በነጠላዋ ጥግ እንባዋን ጠረገች።

ስንወጣ ጠየቅኳት፦ "አክስቴ፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች እንዴት ታስታርቂያቸዋለሽ?"

"እኔ ማን ነኝና የማስታርቅ?" አለችኝ። "ያስጠለለውንም የገደለውንም እሱ ያውቃቸዋል። እዚህ ስማቸው የተጻፈውም፣ እዚያ የወደቁትም የአንድ ገዳም ልጆች ናቸው። ለእኚህ ጸልያለሁ፤ ለእነዚያ ግን ቦታቸው ድረስ ሄጄ አላውቅም። መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ፣ ትወስደኛለህ።"

በመጪው ግንቦት 12 እንሄዳለን። ለአክስቴና ለእኔ ሁለት ወንበር ልይዝ ስል እናቴ ከጓዳ ሰማችኝና "ሦስት አድርገው" አለች።