ስለ ሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሐኪምን መጠየቅ

በአማርኛችን ሐሞት የድፍረት ምሳሌ ነው። ደፋሩን ሰው ሐሞተ ኮስታራ፥ ፈሪውን ሐሞተ ቢስ እንለዋለን። በጅቡቲ ከተማ ብዙ ዘመን የኖረችው ታላቅ እኅቴ፥ የሐሞት ከረጢቷ በኦፕራሲዮን እንዲወጣ ሐኪሙ በነገራት ጊዜ ከቢላዋው ይልቅ ያስጨነቃት «ያለ ሐሞት እንዴት እኖራለሁ?» የሚለው ኀሳብ ነበር።

ሕመሟ ጮማ በበላች ቍጥር ከቀኝ ጎድኗ ሥር ተነሥቶ እስከ ትከሻዋ የሚወጣ ብርቱ ውጋት ነበር። በአልትራሳውንድ ብትታይ ጠጠር ተገኘባት። የተሰጣት ወረቀት በፈረንሳይኛ የተጻፈ ስለሆነ አልገባትም፤ ወሬው ግን በአማርኛም በሶማልኛም ይደርሳት ነበር። አንዲት ጎረቤት ሆድ ከዳር እስከ ዳር ይቀደዳል አለቻት፤ ሌላይቱ ጠጠሩን የሚያሟሟ ቅጠል አለ አለቻት።

እኛም ጥያቄዎቿን ጽፈን፥ ፈረንሳይኛ አጥርቶ የሚያውቅ ዘመድ ይዘን ወደ ሐኪሙ ተመለስን። እርሱም በትዕግሥት አስረዳን። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ስለሆነ ቢወጣም ሐሞት ወደ አንጀት መፍሰሱን አይተውም። ጠጠርን በቅጠል ለማሟሟት መሞከር ግን ጊዜ ማባከን ነው። ጠጠር ኖሮበት ሕመም የሌለው ሰው ብዙውን ጊዜ ኦፕራሲዮን አያሻውም፤ የእርሷ ግን እየተመላለሰ የሚያሠቃይ ነው።

ሆድን በሰፊው ከፍቶ ከረጢቱን ማውጣት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1882 በበርሊን ተጀመረ። በ1985 ደግሞ ኤሪክ ሙሄ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በጠባብ ቀዳዳ አወጣው። ዛሬ በሽተኛው በማደንዘዣ ተኝቶ ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ካሜራውና መሣሪያዎቹም አብዛኛውን ጊዜ በ4 ትንንሽ ቀዳዳዎች ይገባሉ።

ሐኪሙ አደጋውንም አልሸሸገም። አልፎ አልፎ ደም መፍሰስ፥ የቍስል ማመርቀዝ፥ የሐሞት ቱቦ መጎዳት ያጋጥማል። ውስጡ አስቸጋሪ ሆኖ ከተገኘ ሆዱ ሰፋ ተደርጎ ይከፈታል፤ ይህም ለበሽተኛው ደኅንነት ሲባል ነው። በደኅና ሲፈጸም ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ቀላል ሥራም ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይጀምራል። ትከሻ ላይ የሚሰማው ሕመም ከተነፋው አየር የተነሣ ስለሆነ በጥቂት ቀን ያልፋል።

እኅቴ የጅቡቲን ሙቀት አስባ የውሃ ጥሙን ጠየቀች። ምግብ 6 ሰዓት፥ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት አስቀድሞ ማቆም የተለመደ መሆኑን ሲነግራት ፊቷ በራ። ከዚያም በገዛ ፈቃዷ ፈረመች፤ ኦፕራሲዮኑም በደኅና ተፈጽሞ በማግሥቱ ወደ ቤቷ ገባች።

አንባቢ ሆይ፥ ኦፕራሲዮኑ ለምን እንደሚያስፈልግ፥ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሠራ፥ ምን አደጋ እንዳለው፥ የሚወስዱት መድኃኒት መቆም ይገባው እንደ ሆነ ሳይጠይቁ አይፈርሙ። ከኦፕራሲዮኑም በኋላ ትኵሳት፥ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም እየበረታ የሚሄድ የሆድ ሕመም ቢመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት ይመለሱ። ጎረቤት ለማጽናናት፥ ሐኪም ለማስረዳት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።